የሚውጥ እንጂ የማይተፋ

በአንዲት ቆላ ከተማ የቤት አየር ማቀዝቀዣ የምትሸጥ አንደበተ ስል ሴት ነበረች። አምና የከተማው ሹም አቶ ዘርጋው "ልሞክረው" ብለው የወሰዱባት ማራገቢያ እንደወጣ ቀርቷል። ዘንድሮ ሙቀቱ ሲብስ ተመልሰው መጡ።

"አንቺ! ሙቀቱን በመስኮት የሚያስወጣ ቱቦ የሌለው ማቀዝቀዣ አምጪ፤ ልሞክረው።"

"ይኸው ጌታዬ። ውሃ ይጠጣል፣ ቀዝቃዛ አየር ይተነፍሳል።"

"ውሃ ማን ይቀዳለታል? የቤቱን ሙቀት ውጦ ምንም የማያወጣ ነው የምፈልገው። ከሌለሽ ሱቅሽን አሽገዋለሁ!"

ገበያተኛው ዙሪያቸውን ከበበ። ሴትዮዋ የሱቋን ቁልፍ ጨበጥ አድርጋ እጅ ነሳች።

"አለ እንጂ ጌታዬ! የሚውጥ እንጂ የማይተፋ አንድ አለ፤ አምና ማራገቢያዬን ከነገመዱ ውጦ እስከ ዛሬ አልተፋም። ግን ለእርስዎ እንዴት ልሽጠው? በእርስዎ ጫማ ውስጥ ቆሟል!"

ገበያተኛው በሳቅ ፈነዳ። ሹሙ ማሸጉን ረስተው ውልቅ ሲሉ፣ ሱቁ ያለ ቱቦ በረደ።