ምርቃት ያጣው ባለ ጎማ ቤት

አንድ ሰው ነበረ። ስሙ አያስፈልግህም፤ ስሙን ብነግርህ የማን ልጅ ነው እያልህ ስታጣራ ነገሩ ያመልጥሃል። ቁጭ በል። ለወይንሸት ሽማግሌ ሆነው ቅዳሜ አባቷ ዘንድ ይሂዱልኝ ብለህ ለመንኸኝ፤ እሺ አልሁህ። ከዚያ ከበሩ ላይ ተመልሰህ፣ «ጋሼ፣ ግን ድንገት ነገሩ ባይስማማኝ መውጫው እንዳይዘጋብኝ አድርገው መጠየቅ ይቻል ይሆን?» አልኸኝ። መልሱን በአንድ ቃል ልሰጥህ እችል ነበር፤ ቃሉ ግን ከሽማግሌ አፍ የሚወጣ አይደለም። ስለዚህ ይህን ስማ።

ሰውዬው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነበር። ክፉ አይደለም፤ ሚስቱንም ይወዳታል። ችግሩ አንድ ነገር ምረጥ ሲባል አይሆንለትም። ምግብ ቤት ገብቶ አስተናጋጁ «የጾም ነው የፍስክ?» ቢለው፣ «ቀላቅልልኝ» የሚል ሰው ነው።

ሚስቱ ግን የምትፈልገውን ታውቅ ነበር። ከተጋቡ ጀምሮ ዕቃዋን ተሸክማ ከአከራይ አከራይ ስትዞር ኖራለች። አንዱ ውሃ አበዛሽ ይላታል፣ ሌላው እንግዳ አበዛሽ ይላታል፣ ሌላዋ ደግሞ በሩን በጊዜ ትቆልፍባታለች። ባሏን የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ማንም ተነሺ የማይለኝ አንድ ክፍል ቤት ሥራልኝ» ትለዋለች። ገንዘቡ ነበረው። ቦታ ሲያሳዩት ግን አንደኛውን «ነፋስ ይበዛበታል» ይላል፣ ሌላውን ደግሞ «ነፋስ የለውም» ይላል። እውነቱን ልንገርህ፤ ሁሉም ቦታ ጥሩ ነበር። እሱ የፈራው መሠረት መጣሉን ነው። ዛሬ እዚህ መሠረት ጥሎ ነገ የተሻለ ሰፈር ቢያገኝስ?

ታዲያ አንድ ጊዜ ዕቃ ሊገዛ ጀርመን አገር ሄደ። እዚያ በአንድ ትንሽ መንደር ውስጥ ጎማ ያለው ቤት ቆሞ አየ፤ የሚሸጥ ነው። ውስጡ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መታጠቢያ አለው፤ ከፊቱ ደግሞ መሪ አለው። ባለቤቶቹ ያረጁ ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው ጠረጴዛውን ወደ ታች ጫን ሲያደርጉት አልጋ ሆነ። ሰውዬው ዓይኑን ማመን አቃተው። ራሱ ሞከረው። ሲስበው ጠረጴዛ፣ ሲጫነው አልጋ፤ ሲስበው ጠረጴዛ፣ ሲጫነው አልጋ። ማጠፊያው እንዳይሰበር የሰጉት ሽማግሌ እጁን ያዙት።

«ይኸው!» አለ ሰውዬው በአማርኛ፣ ማንም ሳይገባው። «ቤትም ነው፣ መኪናም ነው! ከእንግዲህ ምን ምርጫ አለብኝ?» ለቤት መሥሪያ ያስቀመጠውን አውጥቶ ገዛው። ባልና ሚስቱ ለምን እንደሚሸጡት መጠየቅ እንኳ ትዝ አላለውም። መዞሩ ሰልችቷቸው፣ ጓሮ ያለው ቤት ገዝተው ሊቀመጡ ነበር።

ባለ ጎማው ቤት በመርከብ ተጭኖ ወደብ ደረሰ፣ ከወደብም ወደ አገር ገባ። ጉምሩክ ላይ አንድ ትሑት ሹም ዞር ዞር ብለው አዩትና «ተሽከርካሪ ነው?» አሉት። የመኪና ቀረጥ እንደሚከብድ የሚያውቅ ነጋዴ ነውና፣ «ኧረ ቤት ነው! አልጋውን አያዩም?» አለ። «እንግዲያው አልጋው፣ ምድጃው፣ ማቀዝቀዣው በየራሱ ቀረጥ ይከፈልበታል» አሉ። «ኧረ መኪና ነው! መሪውን አያዩም?» አለ። ሹሙ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ወንድሜ፣ እኔ ሁለቱንም ጽፌ ማስከፈል አያቅተኝም። አንዱን ይምረጡ የምልዎት ለእርስዎ አስቤ ነው» አሉት። ይምረጡ የሚለውን ቃል ሲሰማ ያው አመሉ መጣ። «እንደሚመችዎ ያድርጉት» አለ። እሳቸውም እንደሚመቻቸው አደረጉት።

ከዘመድ ወዳጁ ሁሉ ሰፊ የግቢ በር ያላቸው አማቱ ብቻ ነበሩ። እዚያ አስገብቶ አቆመና ሚስቱን ጠራት። «ይኸውልሽ ቤትሽ» አላት። ዞራ አየችው። ጎንበስ ብላም ከሥሩ አየች። «መሠረቱ የታለ?» አለችው።

«መሠረት ምን ያደርጋል? ሰፈሩ ሲሰለቸን ቁልፍ አዙሮ መሄድ ነው!» አላት።

ይህን ልብ በል፤ ያን ሁሉ ዓመት የለመነች ሴት ዛሬም ዕቃዋን ተሸክማ ገባች። እኔ ይህን ባወራሁ ቁጥር እዚህ ላይ አንጀቴን ትበላኛለች።

እሑድ ጎረቤቱ «እንኳን ደስ አላችሁ» ሊል መጣ። አዲስ ቤት ነውና ባዶ እጁን የመጣ የለም፤ ብርጭቆ የያዘ አለ፣ ትሪ የያዘ አለ፣ ድፎ ዳቦ ያሸከመ አለ። እንግዳው ሲገባ ቤቱ ወደ አንድ ጎን አዘመመ። ሰውዬው «እናንተ ወደዚህ፣ ጋሽዬ እርስዎ ትንሽ ከበድ ስለሚሉ ወደዚያ» እያለ ሲያመዛዝን ቆየ። መጸዳጃው ከምድጃው ጎን መሆኑን ያዩ ሴቶች ተያዩ። አማቱ ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተቀመጡ።

«ምነው እማማ?» ቢላቸው፣

«እንዲያው ከተነሣ ብዬ ነው። ለመሆኑ ልጄን የዳርኳት ለቤት ነው ለአውቶቡስ?» አሉት። ይህን ሲሉ ጠረጴዛውን ትንሽ ጫን አደረጉት፤ ከነዳቦው አልጋ ሆነባቸው።

ዳቦው ከአልጋው ላይ ተነሥቶ ሊቆረስ ሲል የሰፈሩ አዛውንት እንዲመርቁ ተጠየቁ። ሁሉም ተነሥቶ እጁን ዘረጋ።

«ቤታችሁን ያጽናላችሁ!»

«አሜን!»

«ከቆመበት አያነቃንቀው!»

እንግዳው አሜን ሊል አፉን ሲከፍት ሰውዬው ዘሎ ገባ። «ኧረ አባቴ! ይሄማ መነቃነቅ አለበት! ካልተነቃነቀ ባትሪው ይሞታል!»

አዛውንቱ ዓይናቸውን ገለጡ። «ይቅርታ ልጄ፣ አላወቅሁም» አሉና እንደገና ጀመሩ። «እንግዲህ መንገዱን ያቅናላችሁ! በሰላም ያድርሳችሁ!»

«ኧረ አባባ!» አለች ሚስቱ። «ወዴት ልሂድ? አሁን ገና መግባቴ አይደለም እንዴ?»

ጉድ ፈላ። እንግዳው እጁን እንደዘረጋ አሜን ይበል አይበል ጨንቆት እርስ በርሱ ይተያያል። አዛውንቱ ወደ ሰውዬው ዞሩ። «ልጄ፣ እኔ ሁለቱንም ምርቃት አውቃለሁ። ነገር ግን አንዱ አንዱን ያፈርሰዋል። ቁርጡን ንገረኝ፣ ቤት ነው ወይስ መኪና?»

«እንደ ሁኔታው ነው አባቴ» አለ። «ለጊዜው ሁለቱንም ይመርቁልኝ።»

አዛውንቱ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ። ምርቃት ተጀምሮ ሲቋረጥ አይተህ ታውቃለህ? አያሳይህ። ዳቦውን የቀመሰ ሰው አልነበረም። ሚስቱ ነጠላዋን አነሣች፣ «እኔ የለመንሁህ ቤት ነው» አለችና ወርዳ ወደ እናቷ ገባች። እንግዳውም ተከትሏት ወረደ፤ ባለ ጎማው ቤት ያን ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ሰውዬው ተናደደ። «እንግዲያው እሄዳለሁ!» ብሎ ሞተሩን አስነሣ። ግን ወዴት? ይህም ምርጫ ነው። ከሰፈሩ ወጣ ብሎ መንገድ ዳር አቆመና ተኛ። ጠዋት መስኮቱ ተንኳኳ። «ስኳር አለ?» አለች አንዲት ሴት፤ ሱቅ መስሏት ነው። የለም ብሎ መስኮቱን ሳይዘጋ አንድ ሰው በበሩ ገብቶ ተቀመጠ። «መነኻሪያ ነው አይደል?» አለው። ሰውዬው አልጋው ላይ ሆኖ ቢያየው፣ «ልበስና እንሂድ እንጂ ወንድም፣ ረፈደ እኮ!» ብሎ ተቆጣው።

ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅም አለቀሰ። ያንን ነገር ቤት ሊያደርግለት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሷም ትናንት ወርዳለች።

ተሳፋሪውን ይቅርታ ጠይቆ አወረደና ወደ አማቱ ግቢ ተመለሰ። የመኪና ማንሻ ክሪኩን አውጥቶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ፈታ፣ ቤቱን በድንጋይ ላይ አሳረፈው። ከዚያ ጎማዎቹን እያንከባለለ በሰፈሩ መካከል ወደ አዛውንቱ ቤት ወሰዳቸው። አንዱ አምልጦት ቁልቁል ሲሮጥ የጎረቤት ዶሮዎች ተበተኑ፤ እሱም «ያዙልኝ!» እያለ ከኋላው ሮጠ። ሰው ሁሉ ከየበሩ ወጥቶ አየው። የመጨረሻውን ጎማ ከአዛውንቱ ደጅ ላይ ሲያጋድም ከእጁ እስከ ግንባሩ ጠቁሮ ነበር።

«አባቴ፣ ቤት ነው» አላቸው።

አዛውንቱ ሌላ ነገር አልጠየቁትም፤ ጫማቸውን አድርገው ተከተሉት። ሚስቱ በእናቷ በር ላይ ቆማ ነበር። ጎማ የሌለውን ቤት አየች፣ የባሏን እጅ አየች፣ መጥታም ከአጠገቡ ቆመች። አዛውንቱ «ከቆመበት አያነቃንቀው!» ሲሉ ከሁሉ በላይ ጮኾ አሜን ያለው እሱ ነው። አማቱም አሜን አሉ፤ ቀስ ብለው ግን «መጸዳጃውንም ወደ ውጭ ያውጣልን» ብለው ጨመሩበት።

እንግዲህ ልጄ፣ ተሳቀ፤ አሁን አንተን ልመልከትህ። መውጫው አይዘጋብኝ ያልኸኝ፣ ያ መውጫ ጎማው ነው። ቅዳሜ በወይንሸት አባት ፊት ቆሜ እጄን ስዘረጋ እሷ ከጓዳ ሆና እያንዳንዱን ቃል ትሰማለች። እኔ «ያጽናችሁ» ስል አንተ በልብህ «ኧረ ጋሼ፣ መነቃነቅ አለብኝ» ልትል ነው? መሄድ ነውር አይደለም። እሄዳለሁ ካልህ አሁኑኑ ተነሥቼ መንገዱን ያቅናልህ ብዬ እመርቅሃለሁ፣ እሷም ሳይመሽባት የሚጸናላት ሰው ታገኛለች። እኖራለሁ ካልህም ድምፄ እስኪዘጋ እመርቃችኋለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚይዝ ምርቃት ግን አባቶቼ አላስተማሩኝም። በል ሂድና አስብበት። ጎማህን ፈትተህ ከመጣህ ነጠላዬን ለብሼ እጠብቅሃለሁ፤ ካልፈታህ ግን ደጄን አትርገጥ። በእኔ ምርቃት የሰው ልጅ መንገድ ዳር አትቀርም።