እመት አህያ ያደረችበት ቦታ

አንድ ጊዜ፣ ገደሉ ተሰብሮ ባሕር ውስጥ በወደቀበት፣ መንገድ የሚባል ነገር በሌለበት ዳርቻ ላይ፣ በአንዲት አህያ ላይ የተሠራው ግፍ እስካሁን ያንገበግበኛል። ታሪኩን ስጨርስ እናንተንም ካላንገበገባችሁ፣ ጥፋቱ አሳምሬ ያልነገርኳችሁ የእኔ ነው እንጂ የእሷ አይደለም።

ዳርቻው ለኑሮ የሚመች አልነበረም። ዛፍ የለ፣ ጥላ የለ፤ ያለው ድንጋይና ነፋስ ነው። ነገር ግን በየዓመቱ የደጋው ሣር ሲደርቅ አራዊቱ የሁለት ቀን በረሃ አቋርጠው ወደዚያ ይወርዱ ነበር። ከቋጥኙ ላይ ጨው ይልሳሉ፣ የባሕሩ ነፋስ መዥገራቸውን ያራግፍላቸዋል፣ ጥቂት ቀን ሰፍረው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ለዚያ ሁሉ ፍጥረት የሚጠጣ ውሃ ያለው ግን አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከገደሉ ሥር፣ ስፋቷ ከአንድ ገበታ የማይበልጥ ምንጭ።

ታዲያ እዚያ የሚሰፍር ሁሉ የሚያውቀው ደንብ ነበር። ማንም ከማንም ጎን አይተኛም። በሁለት ሰፋሪዎች መካከል ጩኸት የሚሰማበት፣ ማንኮራፋት ግን የማይሰማበት ርቀት መኖር አለበት። ምንጯ ዘንድ ጭራሽ አይታደርም። የዳርቻው ድንጋይ ደግሞ ሁለት ፊት አለው፤ ላዩ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ነፋስም ቦርቡሮ ጥቃቅን ጉድጓድ ያበጀበት ነው፤ ሥሩ ነጭና ለስላሳ ነው። ነፋስ ለመከለል ድንጋይ ያነሣ እንግዳ፣ ሲሄድ ጥቁሩን ፊት ወደ ላይ አድርጎ ከነበረበት ይመልሰዋል። ለመኝታ የጎዘጎዘውን የባሕር ሣር ለማዕበሉ ይሰጣል። ከምንጯም በከንፈር ይጠጣል እንጂ በጥፍር አይቆፍርም፤ ጣፋጩ ውሃ ስስ ሆኖ ላዩ ላይ የተኛ ነው፣ ከሥሩ ያለው ባሕር ነዋ!

እመት አህያ ይህን ሁሉ ከእናቷ ተምራለች፤ አንድም ቀን አጉድላ አታውቅም። በዚያ ዓመት የወረደችው ከባድ ሆና ነው። ውርንጭላዋ ሊወለድ አንድ ወር ቀርቶታል። ጎንበስ ባለች ቁጥር ወገቧ ይከፈላል፤ እንዲያም ሆኖ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሰፈሯን ስታነሣ፣ ድንጋዮቿን አንድ በአንድ በአፍንጫዋ እየገፋች ከየቦታቸው መለሰቻቸው። የባሕር ሣሯንም በአፏ እያነሣች ማዕበሉ ውስጥ ጣለችው። ከዚያ ዞር ብላ አየች፤ ማንም ያደረበት አይመስልም። ደስ አላት። የቀራት ነገር ለበረሃው የሚበቃትን ውሃ ጠጥታ መንገድ መጀመር ብቻ ነበር።

ምንጯ ዘንድ ስትደርስ ያየችውን ማመን አቃታት። የገደሉ ሥር ተገለባብጦ፣ ድንጋዩ ሁሉ ተፈንቅሎ፣ ነጩ ፊት ወደ ላይ እየሆነ ክብ ግንብ ተክቧል። ግንቡ ውስጥ የአጥንት ፍርፋሪ፣ የዓሣ ጭንቅላት፣ የሸተተ የባሕር ሣር ተከምሯል። ምንጯ የነበረችበት ቦታ ላይ እስከ ጅብ ደረት የሚደርስ ጥልቅ ጉድጓድ አፉን ከፍቷል። ከንፈሯን ሰደደች። ጨው ነው። ጨውም ብቻ አይደለም፣ ያንገሸግሻል፤ መልሳ ተፋችው።

«እንዴት አደርሽ፣ እመት አህያ!» የሚል ድምፅ ከግንቡ ውስጥ መጣ። ጅብ ነው፤ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ተንጋሏል። ቀበሮ ደግሞ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጭራውን ያበጥራል።

«አያ ጅቦ፣ ምንድን ነው የሠራችሁት?» አለች።

«ሰፈርን! ዘዴው የቀበሮ ነው። ‹ውሃው እዚህ፣ መኝታውም እዚህ፤ ምን በወጣህ ትመላለሳለህ?› አለኝ። እውነቱን እኮ ነው፤ አንገቴን ዘርጋ ማድረግ ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ።»

«ጉድጓዱስ?»

«ውሃው አነሰኛ! ስቆፍረው ጨመረ። እርግጥ ትንሽ ጨው ጨው ይላል።» ጅብ ጉድጓዱን በኩራት አየው። «ግን ብዙ ነው!»

«እመት አህያ፣ አትቆጪ» አለ ቀበሮ፣ በለሰለሰ አንደበቱ። «ለነፍሰ ጡር ቁጣ ደግ አይደለም።»

ይኼኔ ደሟ ፈላ። «እኔን የሚገድለኝ ቁጣ መሰለህ? የሚገድለኝ ውሃ ጥም ነው! ሌላ ውሃ ያለው ሁለት ቀን ማዶ ነው። ይህን ሆድ ይዤ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ፣ የት ልድረስ? አሁኑኑ ሄጄ ለአያ አንበሶ ባልናገር!»

«እውነትሽን ነው፤ መናገር አለብሽ» አለ ቀበሮ፤ እሷ የከበደ እግሯን እስክታነሣ እሱ ገደሉን ግማሽ ወጥቶት ነበር።

እንግዲህ ቀበሮ በዚያ ማለዳ የሠራውን ሥራ ልንገራችሁ። መጀመሪያ አንበሳ ከሰፈረበት ኮረብታ ሮጠ፤ «ጌታዬ፣ አህያ ምንጯን ቆፍራ አበላሸችው» ብሎ እያለቀሰ ነገረው። ቀጥሎ ጅብን ከምንጯ አርቆ ወሰደና ሌላ የድንጋይ ክምር አስከመረው፤ የሸተተ ሣርና አጥንትም በተነበት። በመጨረሻ ለአንበሳ መቀመጫ የሚሆን ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጎ ምንጯ አጠገብ ዘረጋለት። እንዲህ ያለ ትጋት ለደግ ነገር ቢውል ምናለ!

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ አራዊቱ ሁሉ ምላሳቸውን አውጥተው ጉድጓዱን ከበቡ። ፍየል አለች፣ ሚዳቋ አለች፣ ከርከሮም አለ። አንበሳ በተዘጋጀለት ድንጋይ ላይ ተንደላቆ ተቀመጠ። እመት አህያ ልቧ ተስፋ አደረገ፤ ከሳሽ ሆና ነው የመጣችው። አንበሳ ግን ገና ሲያያት ፊቱን አጠቆረባት።

«ይህን ምንጭ የቆፈርሽው አንቺ ነሽ ይላሉ።»

«እኔ?» አለች እመት አህያ።

«ጌታዬ፣ ኮቴውን ይመልከቱ» አለ ቀበሮ። «የጉድጓዱ አፍ ላይ የአህያ ኮቴ አለ።»

«ልጠጣ ስመጣ የረገጥኩት ነው! በኮቴስ ይህን የሚያህል ጉድጓድ ይቆፈራል? እኔ ያደርኩት ከዚያ ከቁልቁለቱ በላይ ነው።»

«እንግዲያ ሰፈርሽን አሳዪና» አለ አንበሳ።

ይዛቸው ወጣች። እያለከለከች ወጣች፣ ሁሉም ተከተሏት። ከቦታው ስትደርስ ቆመችና «እዚህ ነው» አለች። አራዊቱ አዩ። ፍየል መሬቱን አሸተተች። ከርከሮ ሁለት ጊዜ ዞረው። ጥቁር ድንጋይ፣ በጥቁር ድንጋይ መካከል አሸዋ፤ ሌላ ምንም የለም።

«የት ጋ?» አለ አንበሳ።

«እዚሁ፣ የቆሙበት!»

«ምልክቱስ?»

«ምልክት መተው ነውር አይደለም እንዴ? ደንቡ እኮ…»

«ሰማችሁ?» ቀበሮ አላስጨረሳትም። «አንድም ምልክት የላትም! እኔና አያ ጅቦ ግን የሰፈርንበት ይታያል፤ ያውላችሁ፣ ከወዲያ!» ሁሉም ዞረው የድንጋዩን ክምር፣ የተበተነውን አጥንት፣ የሸተተውን ሣር አዩ። አንበሳም «አዎ፣ ይህ በእርግጥ የታደረበት ቦታ ነው» አለ።

እዚህ ላይ ታገሡኝና ልናደድ። ቆሻሻው ምስክር ሆነ! ቦታውን እንዳገኘችው አድርጋ ስለተወችው፣ ያው ንጽሕናዋ መክሰሻ ሆነባት። እመት አህያ ያን ሁሉ ድንጋይ በዚያ ሆዷ ስትገፋ ማለዳውን አሳልፋለች፤ አንዱን ብቻ ሳትመልስ ብትሄድ ኖሮ ነፃ ትወጣ ነበር። እሷም ይኸው ሐሳብ መጣባት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከሐዘን ግን አልነበረም።

ወደ ምንጯ ተመለሱ። አንበሳ መቀመጫው ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «እመት አህያ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ዳርቻ ወጥተሻል። አንቺም፣ የምትወልጂውም፣ ዳግመኛ ወደዚህ አትወርዱም። አሁኑኑ መንገድ ጀምሪ።»

የምትወልጂውም! ገና ያልተወለደው! አህያዋ አንገቷን ደፍታ ልትሄድ ዞረች። ስትዞር ዓይኗ አንበሳ በተቀመጠበት ድንጋይ ጠርዝ ላይ አረፈ። ቆመች። ጆሮዎቿ ቀጥ አሉ።

«አያ አንበሶ፣ ይነሡ!» ብላ ጮኸች።

ፍየል ከርከሮ ኋላ ተደበቀች። አንበሳ ራሱ ከመደንገጡ የተነሣ ብድግ አለ።

«የተቀመጡበትን ይዩ! ነጭ ነው። ማነው ያነጠፈልዎ?»

«ቀበሮ ነዋ፤ አክብሮኝ፣ ዛሬ ጠዋት…»

«አሁን ይህን ግንብ ይዩ፤ ነጭ! የቀበሮን ሰፈር ይዩ፤ ነጭ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ድንጋይ ገልብጬ ሄጄ አላውቅም። ካለ ፈልጋችሁ አምጡ! በዚህ ዳርቻ ድንጋይ ገልብጦ የሚተው ማን እንደሆነ፣ ጌታዬ፣ ከሥርዎ ነበር ምስክሩ።»

ቀበሮ ዓይኑ ተቅበዘበዘ። «መቀመጫው እርግጥ የእኔ ነው… ግንቡን ግን የገነባው ጅብ ነው፤ እኔ እጄም የለበት።»

«እንዴት!» ጅብ ተቆጥቶ ብድግ አለ። «‹ነጩን ወደ ላይ አድርገው፣ ንጹሕ ይመስላል› ያልከኝ አንተ አይደለህም? እሱ ሳያንስ ዛሬ ጠዋት ሁለተኛ ሰፈር አስገነባኸኝ፤ ወገቤን ቆረጥከው! በራሴ የሠራሁት ጉድጓዱን ብቻ ነው!»

ጅብ የተናገረው የገባው ሁሉም ካዩት በኋላ ነው።

አንበሳ ቀበሮ ላይ አገሣ፤ ገደሉ እስኪያስተጋባ ድረስ። ሁለቱም እያንዳንዱን ድንጋይ እንዲመልሱ አዘዘ። አራዊቱ «ደግ ፍርድ!» ብለው ሊያመሰግኑት ሲሉ እመት አህያ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«በእኔ ላይ የፈረዱትስ?» አለች። «ሰፈሬን ፈልገው ሲያጡት ማን እንደሆንኩ ማወቅ ነበረብዎ። እርስዎ ግን ቆሻሻ ያዩበትን አመኑ፣ ንጹሑን ‹የለም› አሉ። ያልተወለደ ልጄን ሳይቀር አባረሩት!»

አንበሳ ወደ ነጩ ድንጋይ አቀረቀረ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ቀና አልልም ነበር።

ጉድጓዱን በአሸዋ ሞሉት፤ ጣፋጩ ውሃ እንደገና ላዩ ላይ እስኪተኛ ግን አራት ቀን መጠበቅ ግድ ነበር። አራት ቀን ደግሞ ያለ ውሃ ማንንም አያቆይም። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ እመት አህያ ወደ ቀድሞ ሰፈሯ ወጣች፤ ጥማቱ አላስቆማት ብሎ ድንጋዩ ላይ አፏን አሳረፈች። እርጥብ ነበር። የባሕሩ ጤዛ በጥቁሩ ፊት ጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ ተጠራቅሟል። የተገለበጠው ነጭ ድንጋይ ግን ለስላሳ ነውና አንዲት ጠብታ አልያዘም። እናቷ ደንቡን ስታስተምራት ምክንያቱን አልነገረቻትም ነበር፤ ለካ ነገሩ ይህ ኖሯል።

ጠራቻቸው። አዎ፣ ያን ሁሉ ተበድላ ጠራቻቸው፤ ጩኸት የሚሰማበት ርቀት ላይ ነበሩና ሰሙ። ፍየል መጣች፣ ሚዳቋ መጣች፣ ከርከሮም ተከተለ፤ በየድንጋዩ ተበታትነው ላሱ። መጨረሻ ላይ አንበሳ መጣ። ጎንበስ ብሎ አንዱን ድንጋይ ላሰ፣ ሌላውን ላሰ፤ ከዚያ ቀና አለ።

«እዚህ ነበር ያደርሽው?» አለ በዝግታ።

«እዚህ ነበር። ትናንትም ነግሬዎት ነበር።»

በአምስተኛው ቀን ምንጯ ጣፈጠች። እመት አህያ ጠግባ ጠጥታ በረሃውን ጀመረች። ስትሄድ ጅብ አሁንም ድንጋይ ይዞ «ጥቁሩ ነው ወይስ ነጩ ወደ ላይ?» እያለ ቀበሮን ይጠይቅ ነበር። አንበሳ ደግሞ ማንንም ሳያዝ፣ ያን ጠፍጣፋ መቀመጫውን ብቻውን እየገፋ ከነበረበት መለሰው፤ ጥቁሩን ፊት ወደ ላይ አድርጎ።

ከዚህ የምንማረው፣ የሰፈረበትን ቦታ እንዳገኘው አድርጎ የተወ አሻራው ስላልታየ ሊመሰገን እንጂ ሊከሰስ እንደማይገባው፣ ፈራጅም በሌላው ላይ አፉን ከመክፈቱ በፊት የተቀመጠበትን ድንጋይ ማየት እንዳለበት ነው።