ምሳሌ ጻፊዋና ኢንጂነሩ

ምላሷ ከምላጭ የሰላ አንዲት ሠራተኛ ነበረች አሉ። መሥሪያ ቤቷ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ "ማሽን" የሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስም ያላቸው ብዙ ኮምፒውተሮችን የሚያሠራ ፕሮግራም ነበረው። እሷም ጀማሪዎች የሚማሩባቸውን ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ አጫጭር የኮድ ምሳሌዎች ትጽፍ፣ ያረጁትንም ታድስ ነበር።

አለቃዋ ኢንጂነር ደምሰው ግን "ምሳሌ የሰነፍ ምርኩዝ ነው" እያሉ ይንቋት ነበር። አንድ ቀን እንግዶች ጠርተው፣ "ይህን ኮድ ብቻዬን ነው የጻፍኩት" ብለው በግድግዳው ላይ አሳዩ። ኮዱ "ማሽኑ አልተገኘም" ብሎ ቀጥ አለ። እንግዶቹ ተሳሳቁ።

ኢንጂነሩ በንዴት ወደ ሠራተኛዋ ዞሩ። "ጊዜያችንን በምሳሌ ስለፈጀሽው ነው እንዲህ የሆነው! በይ፣ በምሳሌሽ የተጠቀመ አንድ ሰው ጥሪ። ካጣሽ ዛሬውኑ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ!"

እሷም ግድግዳውን አየት አድርጋ፣ "አንድ ሰው እንኳ አለ፣ ኢንጂነር" አለች። "ሦስተኛው መስመር ላይ 'የማሽንዎን ስም እዚህ ይጻፉ' ብዬ በምሳሌዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ስሙን በመጻፍ ፈንታ ያንኑ ቃሌን እንዳለ ገልብጠውታል። ከነገ ጀምሮ ለእርስዎ ብቻ የምሳሌውን ምሳሌ እጽፍልዎታለሁ።"