ጫማ የጠበበው ልብስ ሰፊ

በአንድ ወቅት፣ ቅደም ተከተሉን አዛብቼ ካልሆነ፣ አስናቀ የሚባል ልብስ ሰፊ ከታላቅ እህቱ ከስንቅነሽ ጋር ይኖር ነበር። በወጣትነቱ ሌላ ሰው የማይሰማቸው ድምፆች ይሰሙት ጀመር። አንድ ቀን ድምፆቹ አዘዙትና ለሙሽራ የሰፋውን ቀሚስ በመቀስ ዘለዘለው። ሐኪም ስኪዞፍሬንያ የሚባል የአእምሮ ሕመም ነው ብሎ መድኃኒት አስጀመረው።

ከዚያ ወዲህ ስንቅነሽ ለዓመታት በየምሽቱ ክኒኑን በእጇ ትሰጠዋለች፤ እስኪውጥም አጠገቡ ትቆማለች። ለዚህ ስትል የመጣላትን ትዳር መልሳለች ይባላል፤ በዚህ እርግጠኛ አይደለሁም። ድምፆቹ ጠፉ፤ አስናቀም ወደ ስፌቱ ተመለሰ። ፊቱ ሲሞላ ጎረቤቱ «አስኔ፣ ተመችቶሃል እኮ!» ሲለው እሷን ደስ ይላታል። ጫማው ሲጠበው ሰፋ ያለ ገዛችለት።

ታናሽ ወንድማቸው ይርዳው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ለፋሲካ መጣና «በየመንገዱ ጥብስ የምበላው እኔ ሳልወፍር አንተ ከየት አመጣኸው?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ የወንድሙን ቅልጥም በአውራ ጣቱ ተጫነው። የጣቱ ጉድጓድ እንዳለ ቀረ። ሳቁን አቆመ። በዓሉ እንዳለፈም ሆስፒታል ወሰደው።

ሐኪሟ የደምና የሽንት ውጤቱን አይታ፣ «ኩላሊቱ እየደከመ ነው» አለች። «የደም ግፊቱ ሊሆን ይችላል፤ ለዓመታት የወሰደው መድኃኒትም አስተዋጽኦ ሊኖረው ይችላል። ቀስ በቀስ በሌላ መቀየር እንችላለን፤ አዲሱ ድምፆቹን እንደሚገታ ግን ቃል አልገባላችሁም። ሰኞ ወስናችሁ ኑ። እስከዚያ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ።»

ቤት ሲደርሱ ይርዳው፣ «ይቀየር፣ እትዬ። ሰውዬው እኮ እያለቀ ነው» አለ።

«አንተ ያን ቀሚስ አላየህም!» አለች ስንቅነሽ። «ቁርጥራጩን ከመሬት የለቀምኩት እኔ ነኝ። ኩላሊቱን አድናለሁ ብለህ ልጁን ታሳጣኛለህ።»

አስናቀ መርፌ ላይ ክር እያስገባ ነበር። «ድምፆቹ ቢመለሱ የምሰማቸው እኔ ነኝ» አለ። «ኩላሊቱም የእኔ ነው። አንዳችሁም አልጠየቃችሁኝም።»

ይርዳው ወደ ወንድሙ ዞሮ፣ «እሺ፣ አንተ ምን ትላለህ?» አለው።

«ሰኞ ለሐኪሟ እነግራታለሁ።»

አእምሮውን ለዓመታት የጠበቀችለት ስንቅነሽ ናት። ሁሉም ያሞገሰው ውፍረት እብጠት መሆኑን ያወቀው ይርዳው ነው። አስናቀ ደግሞ፣ ያን ቀሚስ የቀደዱት እጆች የእሱ ቢሆኑም፣ የሚመጣውን ሁሉ በገዛ አካሉ የሚሸከመው እሱ ነው። እናንተ ብትሆኑ የመጨረሻውን ቃል ለማን ትሰጣላችሁ?

ምን እንደተወሰነ የነገሩኝ ሰዎች አይስማሙም። ኋላ ጠይቄ ያረጋገጥኩት ይህን ብቻ ነው፦ ሰኞ ጠዋት ሦስቱም አብረው ሄዱ፤ አስናቀ የጫማውን ተረከዝ ረግጦ መሀል ይራመድ ነበር፤ የክኒኑን ከረጢት የያዘውም ራሱ ነው።