አንጓችና የስልቻው ዋሽንት

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

ወይ ጉድ! እራት የበላ ሰው እንዲህ ነው የሚመልሰው? ድምፃችሁ የት ገባ? እስቲ እንደገና። «ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

እንዲህ ነው እንጂ! በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ደግሞ እግርህን ሰብስብ፣ ሰው ይቀመጥበት።

በድሮ ዘመን አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ውባንቺ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። ልጅቱም ታጨችና የሠርጓ ቀን ተቆረጠ።

በዚያ አገር አንድ ወግ ነበር። ሙሽራ ከቤቷ ስትወጣ አባቷ ዋሽንት እየነፋ ከፊት ከፊቷ ይሄዳል። እስከ ወንዙ መሻገሪያ ይሸኛትና ዋሽንቱን አውርዶ ይመለሳል። አባት የሌላት ሙሽራ ግን በዝምታ ትሄዳለች። ሰውም አንገቱን ደፍቶ ያሳልፋታል። አቤት ስታሳዝን!

አንጓችም፦ «የእኔ ልጅ ምን በድላ ነው እንደ ሌባ ድምፅ ሳታሰማ የምትወጣው? አይሆንም!» አለች።

የባሏን ዋሽንት ከተሰቀለበት አወረደችና ነፋች። ግን ደረቷ ደካማ ነበር። ሁለቴ ነፍታ በሦስተኛው ሳል ያዛትና ቁጭ አለች። በማግስቱም ሞከረች። ያው ሳል። ጎረቤቷ ዘርፌ ሰምታ መጣችና፦ «ኧረ ተይው አንቺ ሴት! በሠርጉ ማግስት ልንቀብርሽ ነው እንዴ?» አለቻት።

«ከፈለጋችሁ ቅበሩኝ። ልጄ ግን በዝምታ አትወጣም።»

ከዚያም ተቀምጣ አሰበች። እህል የምትይዝበት የፍየል ቆዳ ስልቻ ነበራት። «እህል ከያዘልኝ ትንፋሽስ ለምን አይዝልኝም?» አለች። ስልቻውን በቅቤ አሽታ አለሰለሰችው። ባንደኛው እግሩ በኩል መንፊያ ሸምበቆ አሰረች፤ ባንገቱ በኩል ደግሞ ዋሽንቱን። ስፌቱን ሁሉ በሰም ደፈነች። ዋሽንቱ አልጮህ ሲላት ከሸምበቆ ቀጭን ምላስ ጠርባ ገጠመችለት። ከዚያም ስልቻውን ነፍታ ነፍታ ሞላችውና ብብቷ ሥር አድርጋ ጫን አለችው።

ምን ልበላችሁ! ጥጃዋ የጠፋባት ላም ስትጮህ ሰምታችኋል? እንደዚያ ነበር፤ ደግሞ ከውስጡ ዘፈን አለው።

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ እርሻ ላይ ነበር። ድምፁን ሲሰሙ ለቅሶ መሰላቸው። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ድምፅ ሰው ከሞተበት ቤት በቀር አይወጣማ! ወንዶቹ በሬያቸውን ፈቱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን እየመቱ መጡ። «ወዮ አንጓች! ወዮ የልጅሽን ሠርግ ሳታዪ!» እያሉ ግቢው ውስጥ ገቡ። አንጓች ጉንጯ ቀልቶ፣ ስልቻዋን እንዳቀፈች ተቀምጣለች።

እሷም ደንግጣ፦ «ማን ሞተ?» አለች።

«አንቺ ነሻ!» አሏት።

ሲገባቸው እንዴት ተናደዱ! አባ ቢሻው የሚባሉ ያገር ሽማግሌ በትራቸውን መሬት ላይ ወግተው፦ «ሬሳ ሳይኖር አገር አስለቀስሽ! ሟርተኛ! ሞትን ደጃፋችን ድረስ እየጠራሽው ነው!» አሏት።

ዘርፌ ግን በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ልጇ ሰው አገር ሞቶ ሬሳው እንኳን አልመጣላትም ነበር። «ልጄ ከቀረ ወዲህ እንባ እምቢ ብሎኝ ከረመ። ዛሬ ወረደልኝ። እባክሽ ድገሚው» አለቻት። አንዷ ደግሞ፦ «እኔስ ትከሻዬ አላስቀምጥ አለኝ» አለች። ሌላዋ፦ «ላሜ ደንብራ ወተቷን ከለከለችኝ!» ብላ ጮኸች። አንድ ሽማግሌም ራሳቸውን እያከኩ፦ «እኔ ሲነፋ ጠላሁት፤ ሲያቆም ደግሞ ቅር አለኝ። ምን እንደሆንኩ እንጃ» አሉ።

ወሬው ወንዙን ተሻግሮ ከሙሽራው አባት ከአያ ፈጠነ ጆሮ ደረሰ። እሳቸውም፦ «የለቅሶ ድምፅ እየተነፋ ምራት አልወስድም። ያ ስልቻ ከተሰማ በቅሎዬን ባዶዋን እመልሳለሁ» ብለው ላኩ።

ሽማግሌዎቹም የመንደሩ ሾላ ሥር ተቀመጡና አንጓችን ጠሯት። አባ ቢሻው፦ «አቃጥዪው። ጋብቻውም ይዳን፣ እኛም ሰላም እንደር» አሏት።

አንጓችም፦ «አባቴ፣ ሙሽራ ስትወጣ ምን ታደርጋላችሁ?» አለች።

«እልል እንላለን።»

«ከዚያስ?»

«ልጅ ነችና ስትለየን እናለቅሳለን።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ሟርት ነው ያላችሁ አለ? የእኔም ስልቻ እልልም ይላል፣ ያለቅሳልም። ሌላ ምን አደረገ?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን ዋጠ። አባ ቢሻውም ጺማቸውን አሻሹና፦ «እሺ ንፊ። በቅሎዋ ከተመለሰች ግን ስልቻውን በገዛ እጅሽ እሳት ትጨምሪዋለሽ። ልጅሽም ቤት ትቀራለች፤ ማንንም እንዳትወቅሺ» አሉ።

አንጓች ወደ ቤቷ ሄዳ ልጇን አስቀመጠቻት።

«ልጄ፣ ብነፋ ጋብቻሽ ሊፈርስ ይችላል። ተይ ካልሽኝ እተዋለሁ።»

ውባንቺም፦ «እማ፣ ደረትሽ እየቆሰለ የለፋሽው ለማን ሆነና? ንፊው። ከቀረሁም ካንቺ ጋር ነው የምቀረው» አለቻት።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ሙሽራዋ አያ ፈጠነ በላኳት በቅሎ ላይ ወጣች። አንጓችም ስልቻዋን አቅፋ ከፊት ቀደመች። ነፋች! ግማሹ እልል አለ። ግማሹ ጆሮውን ያዘ። እያለቀሰ የሚጨፍርም ነበር። እንዲህ እንዲህ እያሉ ወንዙ መሻገሪያ ደረሱ። እዚያ በቅሎዋ ደነበረችና አልራመድም አለች። አያ ፈጠነ መንገዱ ላይ ቆመው በትራቸውን አነሱ።

«ይብቃ! ወይ ስልቻው ዝም ይበል፣ ወይ በቅሎዬን ልመልስ!»

አንጓች አፏን ከመንፊያው አነሳች። አባ ቢሻው «ተመስገን» አሉ። የውባንቺ ዓይን እንባ ሞላ።

ግን ድምፁ አላቆመም! አንጓች ስልቻውን በክንዷ ጫን አድርጋዋለች። ማንም ሳይነፋው ስልቻው ይዘፍናል። ሰው ሁሉ አፉን ያዘ። አንጓችም በዚያ ድምፅ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንዲህ አለች፦ «ልጄ! አባትሽ ቢኖር ይነፋልሽ ነበር። ሲነፋ ግን አፉ ዋሽንቱ ላይ ነው፤ ሊመርቅሽ አይችልም ነበር። እኔ ሁለቱንም ይዤልሽ መጥቻለሁ። ወልደሽ ሳሚ!»

«አሜን!» አለ ሰው ሁሉ።

«ጓዳሽ ይሙላ!»

«አሜን!»

«የሄድሽበት ቤት ይውደድሽ! ክፉ አይንካሽ!»

«አሜን!»

በዚያ አገር ምርቃት አቋርጦ ጀርባ መስጠት ትልቅ ነውር ነው። አያ ፈጠነ እንደ ቆሙ ቀሩ። በትራቸው ቀስ እያለ ወረደ። ከዚያም፦ «እኔ አራት ሴት ልጆች ድሬያለሁ። አራቱንም በዋሽንት ሸኘኋቸው። አንዷንም እዚህ ወንዝ ዳር አልመረቅኳትም። ዋሽንቱን ካወረድኩም በኋላ አፌ አልፈታ ብሎኝ ዝም ብዬ ተመለስኩ» አሉና አለቀሱ።

እንባቸውንም በጋቢያቸው ጠረጉና፦ «ስሚ አንቺ ሴት፤ ድምፁን አልወደድኩትም። ወደፊትም አልወደውም። ግን እንዳታቆሚ!» አሏት። በቅሎዋንም በገዛ እጃቸው ልጓሟን ይዘው አሻገሯት።

ወጉ ወንዙ ጋ ዋሽንቱን ማውረድ ነበር። አንጓች ግን አላወረደችም። ልጇ ማዶውን ወጥታ፣ ዳገቱን ጨርሳ፣ ከዓይን እስክትሰወር ድረስ ነፋች።

በሉ እንግዲህ፣ እኔ ተረቴን ሰጥቻችኋለሁ። ጉሮሮዬ ደርቋል፤ እናንተ ደግሞ ትኩስ ዳቦ ቆርሳችሁ አጉርሱኝ!