የእንድሪስ ሽማግሌዎች

በኮምቦልቻና በባቲ መካከል የሚመላለሱ ሾፌሮች የሚተርቷት አንዲት አባባል አለች። ሲሰማት «ሽማግሌንና የመኪና ዘንግን ምን አገናኛቸው?» ብሎ የማይጠይቅ እንግዳ የለም። ያገናኛቸው እንድሪስ ነው።

እንድሪስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ባቲ አጠገብ የምትኖረውን ዘሀራን ለማግባት ቆርጦ ሦስት ሽማግሌዎች ለመነ። አባቷ አቶ አደም ቀጠሮ የሚያከብሩ ቁጡ ሰው ናቸው። ቀጠሮው ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ነው፤ ያ ካለፈ ተራው ዘሀራን የሚፈልግ የሌላ ጠያቂ ነው።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ግን የመኪናው ዘንግ፣ ከካምቢዮ ተነስቶ የኋላ ጎማዎችን የሚያዞረው ረጅሙ ብረት፣ መጋጠሚያው ክሮቸራ ሊቀየር ወርዶ ኮምቦልቻ ጋራዥ ተኝቶ ነበር። መካኒኩ ደርቤ ከመኪናው ሥር ገብቶ እየገጠመ «ቆይ!» አለ።

«ምን ሆነ?»

«ሁለት ቁራጭ እኮ ነው። ክሮቸራ የሚይዙት የሁለቱ ጫፍ ጆሮዎች በአንድ መስመር መዋል አለባቸው። አንዱ ቁራጭ ሌላው ውስጥ ጥርስ ዘሎ ገብቷል፤ ላውጣና ላሰምረው።»

«ገብቷል አይደል?»

«ተዛንፎ ነው የገባው።»

«ብረትና ብረት መንገድ ላይ ይስማማሉ! ቡሎኑን እሰርልኝ፣ ሽማግሌዎቼ ተሳፍረዋል።»

«ባልና ሚስት መሰሉህ?» አለ ደርቤ። አስሮ ወጣ።

መኪናው ከተማ ውስጥ ጨዋ ነበር። ሜዳው ላይ ፍጥነት ሲጨምር ግን ከሥሩ ይንዘፈዘፍ ጀመር። የሽማግሌዎቹ ጥምጥም ዓይናቸው ላይ ወረደ። በአንደበታቸው አገር ያወቃቸው አባ ይማም ንግግራቸውን ሊለማመዱ አፋቸውን ቢከፍቱ ምላሳቸውን ነከሱ።

«አ-አ-አንተ ልጅ! ቀ-ቀስ በል!»

«ይረፍድብናል፣ አባ! ትንሽ ነው የቀረን!»

በሰዓቱ ደረሱ። እንደ ወጉ ሽማግሌ መልስ እስኪያገኝ ደጅ ላይ ይቆማል፤ እነሱም ቆሙ። ጉልበታቸው ግን መኪናው መቆሙን አልሰማም።

አቶ አደም ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። «ልጁ ምን ቢሆን ነው እንዲህ የምትንቀጠቀጡ? ነፍስ አጥፍቷል?»

አባ ይማም ምላሳቸው አብጦ «አል… አል…» ብቻ አሉ። ሁለተኛው ሽማግሌ ሊምሉ እጃቸውን ቢያነሱ የሦስተኛውን ጥምጥም መሬት ጣሉት።

«የደበቃችሁኝ ነገር አለ!» ብለው አቶ አደም በሩን ሊዘጉ ሲሉ፣ በሽምግልና ቀን ጠያቂው ራሱ መታየት እንደሌለበት የረሳው እንድሪስ ከመኪናው ዘሎ ወረደ።

«የደበቁት የለም! ቸኩዬ ዘንጉን ሳላሰምር ነው ያመጣኋቸው! ወላሂ፣ መኪናው ነው ያንቀጠቀጣቸው!»

ከጓዳ የዘሀራ ሳቅ አመለጠ። አቶ አደምም ጢማቸውን ጨብጠው ሳቃቸውን ዋጡ።

«እንግዲያ ያኛውን ጠያቂ አቆይልሃለሁ። ዘንግህን አስተካክልና እነዚሁኑ ሽማግሌዎች፣ በዚሁ መኪና አምጣልኝ። ቀጥ ብለው ከቆሙ እሰማቸዋለሁ።»

እንድሪስ በደስታ ሮጦ የጋቢናውን በር ከፈተ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በሩን እንዳዩ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አባ ይማም ግን ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጠው፣ ባበጠ ምላሳቸው ቃል በቃል እየለቀሙ «ስማ ልጄ፣» አሉት፤ «ዘንጉን ያላሰመረ፣ ሽማግሌውን አሳፈረ።»