ስድብ የናፈቀው ሰጎን

ተረት ተረት! ተረት መጥቷልና ቦታ ልቀቁለት።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ቋንቋ ሲያወሩ፣ ዱላና ድንጋይም የልባቸውን ሲናገሩ፣ በቆላ አገር አንድ ሰጎን ነበር። ይህ ሰጎን ኳስ በእግሩ ሲመታ የሚያህለው አልነበረም። እሱ የመታት ኳስ ስትሄድ ነፋስ ከኋላ ይከተላት ነበር እንጂ አይቀድማትም ነበር። በመንገድ ሲያልፍ ድኩላዎች ግጦሻቸውን ትተው ቀና ይላሉ። ቆቅ ጫጩቶቿን ሰብስባ፣ «ያውላችሁ፤ እሱ ነው» ትላለች።

የሰጎን ብልሃት አንድ ነበር፤ ኳሷን አያያትም። ረጅም አንገቱን አቅንቶ ኳሷ የምትሄድበትን ያያል። የቀረውን እግሩ ያውቀዋል።

ዘመን መጣ፣ ዘመን ሄደ። ወጣት ሰጎኖች አደጉ። እሱ ሮጦ ሲደርስ ኳሷ ከሌላ እግር ሥር ትገኝ ጀመር። ማንም ሂድ አላለውም። እሱ ግን አንድ ማለዳ ለራሱ እንዲህ አለ፦ «የቆላው ኳስ ለእኔ አብቅቷል። ከጫጩትነቴ ጀምሮ ልቤ የሚከጅለው ሌላ ጨዋታ አለ። ሄጄ ጥንግ ልጫወት።»

ጥንግ የደጋ ሰዎች፣ የደጋ አውሬዎችም የገና ጨዋታ ነው። ከወይራ ሥር የተጠረበች ድብልብል ጥንግ አለች፤ ጫፉ የተቆለመመ ዱላ አለ። ጥንጓን በዱላ እየመቱ ወደ ባላጋራ ግብ ያደርሷታል። በእግር መምታት ነውር ነው።

ሰጎን ዳገቱን ወጣ። ዝናውም አብሮት ወጣ። ወሬውን የሰማ የቆላ አውሬ ሁሉ ከኋላው ተከተለው። ወደ ታላቁ ሜዳ ግን አልሄደም። «ጀማሪ ነኝ» ብሎ፣ ስም የሌላቸው ቡድኖች ወደሚጫወቱበት ወደ ዳር ሜዳ ሄደ። በዚያ የአንዱ ቡድን አለቃ አባ ከርከሮ ነበር።

«አያ ሰጎን፣ መንገድ ጠፋብዎት?» አለ አባ ከርከሮ። «ታላቁ ሜዳ ከላይ ነው።»

«አልጠፋብኝም። ጥንግ ልጫወት ነው የመጣሁት።»

«ተጫውተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

አባ ከርከሮ ሊመልሰው አፉን ሲከፍት ዳገቱን የሚወጣውን ተመልካች አየ። ድኩላ አለ፣ ሚዳቋ አለ፣ ቆቅ ከነጫጩቶቿ አለች። በዳር ሜዳ ከጎረቤት ፍየሎች በቀር ተመልካች ታይቶ አያውቅም ነበር። አፉን ዘጋው፤ እንደገና ከፈተው።

«እንኳን ደህና መጡ!» አለ። ዘወር ብሎም፣ «ሽኮኮ፣ አንተ ዛሬ ውጣ» አለ።

ሽኮኮ ከቡድኑ ሁሉ ዓይኑ የፈጠነ ነበር። «ምን አጠፋሁ?» አለ።

«ምንም። ትንሽ ነህ።»

«ትናንትም ትንሽ ነበርኩ።»

«ትናንት አያ ሰጎን አልነበሩም።»

ሽኮኮ ዱላውን አስቀምጦ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ሰጎን ሁሉንም ሰማ። ሰምቶም ዱላውን አነሳ።

ዱላው ማንንም የማይፈራ ነበር። «በምን ልትይዘኝ ነው?» አለው።

«በአፌ። እጅ የለኝም።»

«እንግዲያው ምላስህን ሸሽግ። የወይራ ልጅ ነኝ፤ መራራ ነኝ።»

ጨዋታው ተጀመረ። ጥንጓ መጣች። ሰጎን አንገቱን አቀና፣ ግቡን አየ፣ ዱላውን ሰነዘረ፤ አየር መታ። ጥንጓ ደግማ መጣች። አንገቱን አቀና፣ ግቡን አየ፤ አሁንም አየር መታ። በሦስተኛው እግሩ ሳይጠይቀው ዘሎ ወጣና ጥንጓን በእርግጫ አጎናት። ይህ ነውር ነው። ሌላ ቢሆን ሜዳው ሁሉ ይጮኽበት ነበር። የቆላ ተመልካች ግን፣ «እልልልል!» አለ።

ጥንጓ እየተንከባለለች ተመልሳ፣ «ወዴት ነው የምታየው?» አለችው።

«ወደ ግቡ።»

«እኔ እኮ እዚህ ነኝ» አለች።

በጥንግ ሜዳ አንድ ልማድ አለ። ጨዋታው ሲያልቅ አንድ ተሳዳቢ ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ ተጫዋቾቹን በየተራ በግጥም ይሰድባል። አለቃ ቢሆን፣ ሎሌ ቢሆን፣ የሚቀር የለም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሏልና የተሰደበው ይስቃል፤ ሌላውም አብሮት ይስቃል። የዳር ሜዳ ተሳዳቢ እመት ጦጢት ነበረች። ቋጥኝ ላይ ወጥታ ጀመረች፦

«ከርከሮ ጥርሱን አሹሎ አሹሎ፣
ጥንጓን አሳለፋት እንግዳ ናት ብሎ!»

አባ ከርከሮ መሬት እስኪነካ ሳቀ። ወደ ጃርት ዞረች፦

«ጃርት ወስፌውን ተሸክሞ ዞረ፣
የሚሰፋው አጥቶ ባዶውን አደረ!»

ጃርት በሳቅ ሲንዘፈዘፍ ወስፌዎቹ ተንኳኩ። የሰጎን ተራ ደረሰ። ሰጎን አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጠበቀ። እመት ጦጢት አየችው፤ ከኋላው የተኮለኮለውን የቆላ አውሬም አየች።

«ለአያ ሰጎን እልል በሉላቸው!» አለች። ሜዳው በእልልታ ተናጋ።

ሰጎን አመስግኖ ወጣ። ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ቀዘቀዘው፤ ምን እንደሆነ ግን ወዲያው አላወቀም። ሲመሽ እመት ጦጢትን ፈልጎ አገኛት።

«እሜቴ፣ እኔን ረሳሽኝ?»

«ኸረ እንዴት ብዬ!»

«አየር መታሁ፣ በእግሬ ረገጥኩ። ለስድብ ከዚህ የበለጠ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ሞልቶ! ግን እርስዎን ያህል ጌታ ማን ደፍሮ ይሰድባል?»

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለም?»

«ጌታው ባይቆጣ ጌታውን ለማየት የመጣው ይቆጣል» አለችና ቅርንጫፍ ይዛ ሄደች።

ሁለተኛው ጨዋታ ከማዶ ቡድን ጋር ሆነ። አለቃቸው ዝንጀሮ ነበር። ጥንጓ ወደ ሰጎን ስትመጣ የማዶዎቹ ተጫዋቾች ቆሙ። ዝንጀሮ ራሱ ጥንጓን በዱላው ጫፍ ገታና ከሰጎን እግር ፊት አስቀመጣት። «ይምቱ፣ አያ ሰጎን» አለ በሹክሹክታ። «ለልጅ ልጆቼ የማወራው ይሁነኝ።»

ሰጎን መታ። ጥንጓ ሄደች፣ ግብ ገባች። ሜዳው አበደ። ሚዳቋ አለቀሰች፤ ቆቅ ጫጩቶቿን በእልልታ አደነቆረቻቸው። አባ ከርከሮ ሰጎንን ሊሸከመው ሞከረ፤ አልቻለም። እመት ጦጢት ሁሉንም ሰደበች፤ ለሰጎን ብቻ ውዳሴ ደረደረች።

ጥንጓ ከግቡ ሥር ተቀምጣ ነበር። ሰጎን ሊያነሳት ሲያጎነብስ፣ «ቆሜ ነበር እኮ» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ ሰጎን።

ያን ዕለት ከሁሉም ተነጥሎ ብቻውን ተቀመጠ። የቀዘቀዘው ምን እንደሆነ አሁን ገባው። ከርከሮ ይሰደባል፤ ተጫዋች ነውና። ጃርት ይሰደባል፤ ተጫዋች ነውና። እሱ ግን በጥንግ ሜዳ የቆመ የቆላ ወሬ ነው። ወሬን ማን ይሰድባል?

በማግስቱ ወደ ሽኮኮ ሄደ።

«ጥንግ አስተምረኝ።»

«ቦታዬን ወስደው? ያስቃሉ።»

«ቦታህን ስለወሰድኩ ነው የምጠይቅህ። በሦስተኛው ጨዋታ ተጫዋች ካልሆንኩ ቦታህን መልሼልህ ወደ ቆላ እወርዳለሁ።»

ሽኮኮ ብዙ አሰበ። «እኔ ሳስተምር እርስዎ ማለት አይሆንልኝም» አለ።

«አትበለኝ።»

«እንግዲያው ጎንበስ በል። ገና ነው፣ ጎንበስ! ግቡን ተወው፤ ግቡ የትም አይሄድም። የምትሄደው ጥንጓ ናት። እሷን እያት።»

ሰጎን አጎነበሰ። አንገቱ ታመመ። ዱላው አፉን አመረረው። ጥንጓ በግራ አለፈችው፣ በቀኝ አለፈችው፣ በእግሮቹ መካከል ሾልካ ሄደች። እግሩ ሊራገጥ ዘለለ። «እግርህን እሰረው!» ይላል ሽኮኮ። ሰጎን እግሩን መሬት ውስጥ ተክሎ እንደገና ያጎነብሳል።

የሦስተኛው ጨዋታ ቀን፣ ባላጋራው ዳግም የማዶ ቡድን ነበርና፣ ሰጎን ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ዝንጀሮ ሄደ።

«አያ ዝንጀሮ፣ ዛሬ ጥንጓን እንዳታቆሙልኝ።»

«ብታገኝዎትስ? አጥንት የምትሰብር ናት።»

«ጥንግ አይደለም እንዴ?» አለ ሰጎን።

ዝንጀሮ አየው፣ አየውና፣ «እሺ» አለ።

ጨዋታው ተጀመረ፤ ማንም አልራራለትም። ጥንጓ መጥታ ጉልበቱን ገጨችው። ዝንጀሮ ትከሻውን ገፍቶ ጣለው፤ ላባው በአቧራ ቀላ። ተነሳ፣ አጎነበሰ፣ ሳታት። ተነሳ፣ አጎነበሰ፣ አሁንም ሳታት። የቆላ ተመልካች መጀመሪያ እልል አለ፤ ቀጥሎ ዝም አለ፤ በኋላ እርስ በርሱ ተያየ።

«ይህ ነው እንዴ ያ ሰጎን?» አለ ድኩላ።

«ይመስላል እንጂ አይደለም» አለች ሚዳቋ።

ቆቅ ጫጩቶቿን ሰበሰበች። «ኑ፣ ከምሽት በፊት እንግባ» አለች። አንድ በአንድ ዳገቱን ወረዱ። ሰጎን ሲወርዱ አየ፤ ያየውም ቀና ስላለ ነበር። ቀና ሲል ጥንጓ አለፈችው።

«ጎንበስ!» ብሎ ሽኮኮ ከዳር ጮኸ።

አጎነበሰ። ጥንጓ መጣች። ከወይራ ሥሯ ላይ ያለውን ስንጥቅ እስኪያይ ድረስ አያት፤ ዓይኑን አላነሳም። ዱላው ጫፏን ነካት። ጥሩ ምት አልነበረም። ጥንጓ ተንጋድዳ፣ ተንከባልላ፣ ጃርት እግር ሥር ሄዳ ቆመች። ጃርት መታት፤ የማዶው ግብ ጠባቂ ያዛት። ከዚያ በላይ የሆነ ነገር የለም።

«እየሄድኩ ነበር እኮ» አለች ጥንጓ ሲያልፍ።

የአባ ከርከሮ ቡድን ተሸነፈ። እልል ያለ አልነበረም። እመት ጦጢት ቋጥኙ ላይ ወጣች። ከርከሮን ሰደበች፤ ተሳቀ። ጃርትን ሰደበች፤ ተሳቀ። ሰጎን ጋ ስትደርስ ቆመች። የቆላዎቹ ተቀምጠውበት የነበረውን ሣር አየች፤ የተጋደመ ሣር ብቻ ነበር። ሰጎንን አየች። አቧራ ለብሷል፣ ጉልበቱ አብጧል፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይጠብቃል። አፏን ጠረገች፦

«አንገቱ ከላይ ነው፣ ጥንጓ ከታች ናት፣
መልእክት ቢልክላት በማግስቱ ደረሳት!»

ሁሉም ወደ ሰጎን ዞሩ። ሰጎን አንገቱን ቀና አደረገና ሳቀ፤ በቆላ ሳለ እንደዚያ ስቆ አያውቅም ነበር። ከርከሮ ተከተለ፣ ጃርት ተከተለ፣ ማዶዎቹም ሳቁ። ዝንጀሮ ግጥሙን ደግማ እንድትለው ጠየቃት።

ሳቁ ሲበርድ አባ ከርከሮ ጠጋ አለ። «ስማ፣ ሰጎን» አለ። «አንተ» ማለቱን ራሱም ልብ አላለውም። «ተመልካችህ ሄደ።»

«ሄደ።»

«ለሚቀጥለው ሽኮኮ ይገባል። ከአንተ ይሻላል።»

«ይሻላል» አለ ሰጎን።

«አንተ ዳር ሆነህ ትጠብቃለህ። የደከመ ካለ ትገባለህ።»

ሰጎን በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሽኮኮ ከድንጋዩ ወርዶ አጠገቡ ቆመ።

«ቦታዬን መለስክልኝ» አለው። «ቃልህ ቃል ነው። እንግዲህ ወደ ቆላ ልትወርድ ነው?»

«ሰደበችኝ እኮ» አለ ሰጎን። «እንዴት እወርዳለሁ?»

እልልታ ለእንግዳ ነው፤ ስድብ ለቤተኛ። ተረቴን ይዛችሁ ግቡ፤ ለቀረው ንገሩት።